ሰባተኛዋን ካርድ ያገኙት የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን በ1947 ዓ.ም. ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ሆነው ተወለዱ። የአባታቸው ሱቅ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ቁልፍ መፍታት ለመዱ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲገቡ በክፍላቸው ያሉት ሴት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቀው በአንድ ሆስፒታል የስልክ ክፍል ተቀጠሩ። በ1972 ዓ.ም. የጂኦግራፊ መምህር ከነበሩት አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው እኔንና ታናሽ ወንድሜን ወለዱ።

ሆስፒታሉ የላከልን የሐዘን ደብዳቤ "እስከ ጡረታቸው በሰላም አገልግለዋል" ይላል። ዛሬ እዚህ እንድናነበው ተጠይቀን ነበር፤ አናነበውም። በሰላም አላገለገሉምና።

በ1986 ዓ.ም. ሆስፒታሉ አዲስ የስልክ ማዞሪያ አስገባ። በሳጥኑ ውስጥ እያንዳንዳቸው የተወሰኑ ክፍሎችን ስልክ የሚያገናኙ ሃያ የኤሌክትሮኒክ ካርዶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም የሚነጋገሩት ከጀርባቸው ባለ አንድ የጋራ መስመር ነው። ሦስት ወር ሳይሞላው የሆስፒታሉ ስልክ በሙሉ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጭጭ ይል ጀመር። ማዋለጃ ክፍል ሐኪም ሲጠራ መስመሩ ይሞታል፤ ነርሶች በደረጃው ይሮጣሉ። ማሽኑ ጥፋተኛ ብሎ የሚመዘግበው ካርድ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ነበር። የተከሰሰው ካርድ ይቀየራል፤ ብልሽቱ ይመለሳል። በመጨረሻ የቴክኒክ ኃላፊው ጥፋቱን በስልክ ኦፕሬተሯ ላይ ጣሉት። እትዬ ሃሎ የምንላቸው፣ የሠራተኛውን ሁሉ ድምፅ ለይተው የሚያውቁ ሴት፣ "መስመር ትቆርጣለች" ተብለው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎት በኋላ ከሥራ ታገዱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

እናታችን ኃላፊው ቢሮ ገብተው፣ "የታመመው የሚከሰሰው ካርድ አይደለም። አንዱ ዝም ማለት ሲገባው ዝም ስለማይል ነው ሌሎቹ መነጋገር ያቃታቸው። አንድ በአንድ እያወጣሁ ልየው" አሏቸው።

"አንቺ ሥራሽን ሥሪ" ተባሉ።

ሥራቸው ግን ይኸው ነበር። ተረኛውን ሐኪም አስፈቅደው፣ ለማዋለጃ ክፍል መልእክተኛ አቁመው፣ እሑድ ጠዋት ጀመሩ። ማሽኑን አጥፍተው አንድ ካርድ ያወጣሉ፤ ያበሩትና ብልሽቱ እስኪመጣ ወንበር ስበው ይጠብቃሉ። ከመጣ ካርዷ ነፃ ናት፤ ትመለሳለች። ሦስት እሑድ ፈጀ። ሰባተኛዋ ካርድ ወጥታ በቆየችበት ሳምንት አንድም ጊዜ ስልክ አልተቋረጠም። በቀጣዩ እሑድ ሌላ ቦታ ላይ ቢሰኳት ብልሽቱ ተከትሏት መጣ። ይህችን ካርድ በማሽኑ ምረቃ ቀን፣ እንግዶች እያዩ፣ እናታችን "መጀመሪያ ይጥፋ" እያሉ፣ ኃይሉ ሳይቋረጥ በገዛ እጃቸው ሰክተው ያበላሿት ኃላፊው ነበሩ።

እናታችን ሁሉንም በሪፖርታቸው ጻፉ። ኃላፊው አንብበው፣ "የእኔ ነገር ከዚህ ውስጥ ይውጣ፤ ሴትዮዋ ሰኞ ሥራዋ ላይ ትገኛለች" አሉ። እናታችን ያንን ገጽ አወጡት፤ ላይናገሩም ቃል ገቡ። እትዬ ሃሎ ሰኞ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ኃላፊው ብልሽቱን አግኝተዋል ተብለው የምስክር ወረቀት ተሸለሙ። እናታችን ደግሞ "ያለ ፈቃድ ማሽን ፈተዋል" ተብለው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። ያ የሰለጠነ እጅ በ2002 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አሥራ ስድስት ዓመት አምፖል ሲያድል ኖረ።

አባታችን ተናደው "እስከ መቼ ዝም ትያለሽ?" ሲሏቸው፣ "ቃሌን ሰጥቻለሁ። ደግሞ ሰውየው ቂመኛ ነው፤ ኦፕሬተሯ የምታሳድጋቸው ልጆች አሏት" ይሉ ነበር።

እናታችን ለሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በስልሳ ሰባት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው አሉ። እትዬ ሃሎም እዚህ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ለምን ወደ ሥራቸው እንደተመለሱ ግን ትናንት እኔ እስክነግራቸው ድረስ አያውቁም ነበር።

ቃሉን የሰጡት እናታችን ናቸው። እኛ ልጆቻቸው አልሰጠንም። ኃላፊው ከመካከላችን ቆመው ከሆነ፣ የወጣው ገጽ ዛሬ በቦታው መግባቱን ይወቁልን።

ፈጣሪ የእጃቸውን ሥራ በስማቸው ይቁጠርላቸው፤ ነፍሳቸውንም በዕረፍት ይቀበልልን።