እማማ ወርቅውሃ የሚመልሱለት ቃል

ጥቅምት 8
ለመላው የቡራዩ ሕዝብ! ከባድ ሐዘን ደርሶብናል። ተወዳጁ ስልኬ ጂፕሰም ስሠራ ከመሰላል ላይ ወድቆ፣ በተገዛ በሁለት ዓመቱ አርፏል። ቀብሩ መሳቢያ ውስጥ ተፈጽሟል። ለቀስተኛው አብሮኝ የሚኖረው ዲሪባ ብቻ። እሱም እየሳቀ።
አሁን ምን ልነካካ?

ጥቅምት 10
ጎረቤታችን ሔለን አሮጌ መጻሕፍት በካርቶን አውጥታ ሰጠችኝ። የእናቷ የእማማ ወርቅውሃ ናቸው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። ከታመሙ ወዲህ ስምንት ወር... አንድ ቃል የለም።
«ለሥራህ መሬት ላይ ታነጥፈዋለህ» አለች። «አርብ ሰበታ አረጋውያን ቤት አስገባታለሁ። እማዬ እኮ የለችም፣ አማኑ። ያለው አካሏ ነው።»
ካርቶኑን ተሸክሜ ገባሁ። 
ከላይ ያለው የድሮ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። «ዩ» በማለት ፈንታ «ዛው» ይላል... ቢሆልድ... ስምንተኛ ክፍል ያቆምኩት ለካ ይሄ ሳይመጣብኝ ነው።

ጥቅምት 11
ዲሪባ ከምሳ በኋላ ተጋድሟል። አፌን ባልዲ ውስጥ ከትቼ ያንን መጽሐፍ በመቃብር ድምፅ አነበብኩለት። «ቢሆልድ...» «ያ ዋቅ!» ብሎ አምላኩን እየጠራ ዘለለ!
ልስቅ ስል... የኛንና የነሔለንን ክፍል ከሚለየው ችፑድ ማዶ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ የተማሪ ልጅ የሚመስል። ካቆምኩበት ቀጠለ። መጽሐፉን አየሁ። ቃል በቃል ያው።
ሔለን ሥራ ነች። ማዶ ያሉት እማማ ብቻ።
«አንተ ነህ አይደል? በናትህ፣ አንተ ነኝ በለኝ» ይላል ዲሪባ።

ጥቅምት 12
ዲሪባ «መንፈስ አለበት» ብሎ መጽሐፉን ደበቀብኝ። ለሔለን ነገርኳት። «ቀልድህን ሌላ ቦታ!» ለምኜ ገባሁ። ያንኑ ቦታ ከዲሪባ ስልክ፣ ከአዲሱ የእንግሊዝኛ ትርጉም አነበብኩላቸው። ቀላል ነው፣ ለኔ እንኳ ገባኝ።
እማማ ጣሪያ ጣሪያውን። ምንም።
«አየህ?» አለች ሔለን።

ጥቅምት 13
ሱሉልታ ጂፕሰም ስለጥፍ ውዬ ገባሁ። ሔለን በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ አመድ።
«ምን አድርጋህ ነው? ልብሷን ሳዘጋጅ ቀኑን ሙሉ በግድግዳው እያነበብክ አስለፈለፍካት!»
«ድምፄን ሰማሽ?»
«አልሰማሁም... እሷ ግን ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ ከዚያ ትመልሳለች።»
«ሔለን፣ ሱሉልታ ነበርኩ። ዲሪባም አብሮኝ።»
ሁለታችንም ችፑዱን አየነው።
«ይቺ እማዬ አይደለችም» አለች በሹክሹክታ። «ነገ ትሄዳለች።»

ጥቅምት 14፣ አርብ
እማማን ሰበታ የሚወስደው መኪና በር ላይ ቆሟል። መጽሐፉን ከዲሪባ በልመና አስመልሼ ለሔለን ሰጠኋት።
«አንቺ አንብቢላቸው። ባልዲ የለም፣ ተንኮል የለም።»
«ይሄ እንግሊዝኛ መች ይገባኛል?»
«ቅዳሴውስ ሁሉ ይገባሻል? አንብቢ!»
መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ጀመረች። «ዛው» የሚለው ጋ ስትደርስ ከበዳትና «ዩ» ብላ አለፈችው።
እማማ አንገታቸውን አዞሩ።
«ዛው» አሉ። ከዚያ በአማርኛ፣ በራሳቸው ድምፅ፦ «ቃሉን አትቀይሪብኝ፣ ሔሉ። መንገዱ ይጠፋኛል።»
ሔለን መሬት ላይ ቁጭ። ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል... ማን ይስማው?

ጥቅምት 16
ሰበታ ቀረ። ሔለን ታነባለች፣ እማማ ያርማሉ። በመሃል እኔንም ተቆጡኝ።
«እማማ፣ ሐሙስ ዕለት ማን አነበበልዎት?»
«ልጅ ሳለሁ ይሄን መጽሐፍ ያስጠኑኝ አስተማሪዬ ናቸዋ።»
እማማ ሰባ ስምንት ናቸው። የአስተማሪያቸውን ዕድሜ ልቆጥር ጀመርኩና... ተውኩት።
ሲጠቃለል ይሄን ያህል የሚወራ ነገር አይደለም። አንዲት እናት ልጇን አረመች፣ አንድ መኪና ባዶውን ተመለሰ። በቃ። አልጋዬን ብቻ ከችፑዱ ትንሽ ሳብ አድርጌዋለሁ፣ ዲሪባ ሳያይ።