በስልክ ተጀምሮ ስለ ተቋረጠው የእናቴ ቀኖና

ለክቡር ሊቀ ትጉሃን ይታያል
የዓለም አቀፍ ሐዋርያዊ ተልእኮ ገንዘብ አሰባሳቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የአውሮፕላኑ ድካም ለቀቀዎት? ባለፈው ወር በቴሌቪዥን ሳይዎት ፊትዎ ሞላ ብሏልና እሰየው ብያለሁ፤ በአምስት አህጉር ሃምሳ ቤተ ክርስቲያን ለማነጽ የተነሣ ሰው ቢከሳ ለምእመናንም ጥሩ ምሳሌ አይሆንም። እኛ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር የምንኖር፣ እርስዎ ሁለት ጊዜ የባረኩን፣ ከዚያ ወዲህ ግን መንገዱ የጠፋብዎት የአንዲት መንደር ሰዎች እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ታዘበው ምናለ እባላለሁ፤ ወፍጮ ቤት አለኝ። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ከጉባኤ ቃና ሳላልፍ ያቋረጥሁ ሰው ነኝና በደብዳቤዬ የቃል ጉድለት ቢያገኙ ጉድለቱ የእኔ እንጂ የመምህሮቼ አይደለም። ይህን በግልጽ ደብዳቤ የጻፍሁት ሦስት የታሸጉ ደብዳቤዎች ልኬ መልስ ስላጣሁ ነው። የምለምንዎም ገንዘብ አይደለም፣ ሕንፃም አይደለም፤ አንዲት ቁጥር ናት። እርስዋ ዘንድ እስክደርስ ግን ውለታዎን ሳልቆጥር ባልፍ ነውር ይሆንብኛልና ይታገሡኝ።

፩ኛ. የዛሬ ሁለት ዓመት በኅዳር ሚካኤል ማግስት በኪዳነ ምሕረት ቅጥር ግቢ አንሶላ ወጥረው ፊልም ስላሳዩን እናመሰግናለን። በበረዶ መካከል ነጠላ ለብሰው የቆሙ ወገኖቻችንን አየን፤ ካህን አጥተው ቅዳሴ እንደ ናፈቃቸው፣ ልጆቻቸውን ክርስትና ማስነሣት እንደ ተሳናቸው ነገሩን። የሰማንያ አራት ዓመቷ እናቴ ፈንታነሽ «ወይኔ ልጆቼን፣ በዚያ ብርድ ላይ ደግሞ ያለ ቁርባን!» ብላ ከመቀነቷ የቋጠረችውን ፈታች። ጎረቤታችን አምላኩ ወይፈን ሰጠ። የሌለው ማር፣ ማር የሌለው ዶሮ አመጣ። እርስዎም «ወንጌል ከጎጃም ወደ ዓለም» ብለው ሲያጨበጭቡ አብረን አጨበጨብን። ከልባችን ነበር፤ አሁንም በዚያ አልጸጸትም።

፪ኛ. በሁለተኛው ጉብኝትዎ ገንዘብ ብቻውን እንደማይቀድስ አስረድተውን ቄስ ገብረ ማርያምን ወደ በረዶው አገር ስለ ወሰዱልን በእጅጉ እናመሰግናለን። ቄስ ገብረ ማርያም ለሠላሳ ዓመት የመንደሩ የንስሐ አባት ነበሩ። ሲሄዱ አለቀሱ፤ እርስዎ ግን «ለአንድ ወር ብቻ ታገሡ፣ ምትክ ካህን እልካለሁ» ስላሉ አመንን። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን እንደሚያስፈልግ ለእርስዎ ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል። አምስት ነበሩን። ከአምስት አንድ ሲቀነስ በወፍጮ ቤት አራት ነው፤ በቅዳሴ ግን ምንም ነው። የቀሩት አረጋዊው ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ እሑድ እሑድ በሩን ከፍተው ኪዳን ያደርሳሉ፣ ያሳልማሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ። ልጅ ክርስትና ለማስነሣት የሁለት ሰዓት መንገድ እንሄዳለን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት አባቶቻችን ሲተርቱ ኮሚቴዎ ገና አልተቋቋመም ነበርና ማንን እያሰቡ እንደ ተረቱ እንቆቅልሽ ሆኖብኛል።

ምትኩም አልቀረም። በጥቅምት ወር የግድግዳ ካላንደር ላኩልን። በላዩ ቄስ ገብረ ማርያም በበረዶ መካከል መስቀል ይዘው ቆመዋል፤ ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል፣ ከስተዋል። እናቴ ካላንደሩን ከአልጋዋ ራስጌ ሰቅላ በየማለዳው መስቀሉን ትሳለማለች። ካላንደሩ እስካሁን አልቀደሰም።

፫ኛ. በስብከተ ወንጌል ማስፋፊያ ዕቅዳችሁ መሠረት «ምእመናን ከንስሐ አባቶቻቸው ጋር በስልክ የሚገናኙበትን ሁኔታ አመቻችተናል» ብለው በሰርኩላር ስላሳወቁን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ይህን በየትኛው ፍትሐ ነገሥት እንዳገኙት የመጠየቅ ሥልጣን የለኝም። የሆነውን ብቻ ላውጋዎ።

እናቴ በዚህ ዓመት መግቢያ እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። «ሳልናዘዝና ሥጋ ወደሙን ሳልቀበል ከዚህ ቤት እንዳታወጡኝ» አለች። መስከረም ሃያ ቀን በቃሬዛ ተሸክመን ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጉብታ አወጣናት፤ ኔትወርክ የሚገኘው ከዚያ ወይራ ሥር ብቻ ነውና። በዚያ ሰዓት ወይራው ሥር ለስልክ የቆመ ሰው ከዐሥር አያንስም። ራቅ በሉልን ብንላቸው ራቁ፤ እናቴ ግን ጆሮዋ ደክሟልና ስልኩን በላውድ ስፒከር አደረግንላት፤ የእሷም ድምፅ በጉብታው ላይ እንደ አዋጅ ነጋሪ ሆነ። ምሥጢሯን አደባባይ አወጣህ ብለው እንዳይገሥጹኝ፤ ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ እሷም «ጻፈው፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይደበቃል» ብላ ፈቅዳልኛለች።

«አባቴ፣ ይስሙኝ፤ የአምላኩ አባት ታሞ በተኛበት ዓመት ምናለና እኔ ድንበሩን ሁለት ትልም ገፍተናል» አለች። ምናለ አባቴ ነው፣ ካረፈ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ። አምላኩም ከወይራው ማዶ የራሱን ስልክ ይዞ ቆሟል። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። ከባሕር ማዶ ያሉት ቄስ ገብረ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ድምፃቸው በጉንፋን ተዘግቶ ነበር። «ወለተ ሚካኤል» ብለው በክርስትና ስሟ ጠሯት፤ «ደግ አደረግሽ መናገርሽ። ትልሙን ለባለቤቱ መልሺ። እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ትጾሚያለሽ፤ ቀኑም…» አሉ፣ ስልኩም ተቋረጠ።

ቀኑም ስንት? ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ለዚህች ለአንዲት ጥያቄ ነው። ሰባት ነው? ዐሥራ አራት ነው? አርባ ነው? እስኪመሽ ደወልን፣ በማግስቱም ደወልን፤ ቁጥሩ አይሠራም። በኋላ ከመጽሔታችሁ እንዳነበብሁት ለካ በዚያው ሳምንት «ለአገልግሎቱ ዕድገት» ወደ ሌላ አገር አዛውረዋቸዋል።

ጉዳዩን በአንድ ቀን የጨረሰ ሰው ቢኖር አምላኩ ነው። በማግስቱ ማለዳ መጥቶ የእናቴን ጉልበት ሳመና «እማማ፣ ከልቤ ይቅር ብየዎታለሁ፤ ትልሜን ግን አርሳታለሁ» አላት። እናቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀች። እሱም በሬዎቹን ጠምዶ ሁለቱን ትልም አረሳት። ኮሚቴ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ካላንደርም አያሳትምም።

እናቴ ግን ከዚያን ቀን ጀምራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አትቀምስም። ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስን ለመንኋቸው፤ «እኔ ያላሰርሁትን አልፈታም፤ ያሰረው ካህን በሕይወት አለ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እናቴን ለመንኋት፤ «ጎድሎብኝ ከምሞት ተርፎብኝ ልሙት» አለችኝ። ቢቸና ክሊኒክ የምትሠራው ነርስ ሳባ የሰጠቻት መድኃኒት ጠዋት ከቁርስ በኋላ የሚዋጥ ነው፤ ስለዚህ አይዋጥም። ዛሬ ሃምሳ አንደኛ ቀኗ ነው። እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጧል፤ ክንዷ ግን በእጄ ሲያዝ ጣቶቼ ይገናኛሉ።

፬ኛ. በቢሯችሁ ስለ ተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ወፍጮውን ዘግቼ፣ መንገዱ የተከፈተበትን ቀን ጠብቄ፣ ከተማ ድረስ መጣሁ። ወይዘሪት ሊድያ የምትባል ትሑት ልጅ አስተናገደችኝ፤ በእሷ ቅያሜ የለኝም፣ የታዘዘችውን ነው የተናገረችው። «ሐዋርያት» የምትሏቸውን የተላኩ ካህናት ስልክ ማግኘት የሚቻለው ለስፖንሰሮች ብቻ መሆኑን አስረዳችኝ። በብር ደረጃ የሚደግፍ ሰው በየወሩ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ በወርቅ ደረጃ የሚደግፍ ሰው ግን ከሐዋርያው ጋር በወር አንድ ጊዜ በስልክ ይገናኛል። እንግዲህ እናቴ ሠላሳ ዓመት የተናዘዘችላቸውን ቄስ ድምፅ ለመስማት ስፖንሰር ልትሆናቸው ነው። «መንደራችን ወይፈን ሰጥቷል እኮ» ብላት «በዓይነት የተሰጠ ሲስተም ላይ አይታይም» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ብር የሰጠ የብር፣ ወርቅ የሰጠ የወርቅ ደረጃ ካገኘ፣ ቄሱን ራሳቸውን የሰጠን እኛ በየትኛው ደረጃ እንመዘገባለን? ይህንንም ሲስተሙ ላይ ፈልገው ያስታውቁን።

ከዚህ ወዲያ ትሕትናው አልቆብኛልና በሰው ቋንቋ ልናገር። ተናድጃለሁ። በበረዶው አገር ባሉት ክርስቲያኖች አልቀናም፤ ካህን በማግኘታቸው ደስ ይለኛል፣ ልጆቻቸው ይደጉ። እርስዎ ግን የእነሱን ጥማት እያሳዩ የእኛን ምንጭ ደፈኑ። ከዚያም ወዲያ ማዶ የተቀዳውን ውኃ በፊልም እያሳዩ የእኛን መንደር ስም በደጋፊዎች ዝርዝር ላይ ያነብባሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ስሰማ ያደግሁ ነኝ፤ የዓባይን ልጅ ውኃ የሚያስጠማው ኮሚቴ መሆኑን ግን ከእርስዎ ተማርሁ። ሃምሳውን ቤተ ክርስቲያን ሲቆጥሩ የተዘጋውን የእኛን ቢቀንሱ አርባ ዘጠኝ ይሆናል፤ እንደ እኛ ያሉ ሌሎች መንደሮች ስንት እንደሆኑ አላውቅም።

ስለዚህ ቄስ ገብረ ማርያምን መልሱልን አልልም፤ ይህ ለእርስዎ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ስብሰባ ይፈልጋል። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ካሉበት አስጠርተው «ለወለተ ሚካኤል ስንት ቀን አሏት?» ብለው ይጠይቋቸው። መልሱ አንድ ቃል ነው። በእጅ ስልክዎ ቢልኩት እኔ በየቀኑ ከወይራው ሥር እጠብቃለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ የማያልቅ በጀት፣ የማይጎረብጥ ወንበር እየተመኘሁልዎ፣ ባሉበት አህጉር ሁሉ ቅዳሴ እንዳይጓደልብዎ ከማይቀደስበት መንደር ሆኜ የምጸልይ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ታዘበው ምናለ
ኅዳር ፲ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ ትናንት ከቢቸና ስመለስ ለእናቴ ዋሸኋት። «ቁጥሩ መጣ፤ ሃምሳ ቀን ነው፣ ዛሬ ሞላልሽ፣ በይ ነገ ቁርስ ብዪ» አልኋት። አየችኝና «ጉንፋናቸው ተሻላቸው?» አለችኝ። ዓይኔን ወደ ካላንደሩ አዞርሁ። «ለእኔ ብለህ ነው፣ ገብቶኛል፤ ይህንንም ግን ትናዘዘዋለህ» አለች። የእኔም የንስሐ አባት ቄስ ገብረ ማርያም ናቸው። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀምሬአለሁና ሲጠይቋቸው የሁለት ሰው ቁጥር ይጠይቁልን። ከሁለታችን አንዷ ግን ብዙ ጊዜ የላትም።