በቁመቴ ልክ የገጠምኩት ኩሽና

ውዴ ቶሌራ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ግቢያችን እንደምታውቀው ጭቃ ነው፤ የአምቦ ዝናብም ዘንድሮ አልሰነፈም። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም። መቃብርህ ላይ ቆመው ስለ እኔ የሚያለቅሱ ሰዎች አሉና እነሱን ሰምተህ እንዳታዝን ብዬ ነው።

ያን ቀን ምን እንደሆነ ማንም አልነገረህምና እኔ ልንገርህ። ከጎጆ ከተማ፣ ከወንድምህ ቤት ስንመለስ ነበር። አንተ ሞተሩን ትነዳለህ፣ እኔ ከኋላ ወገብህን አቅፌሃለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ጭቃውን ረግጦ ተንሸራተተ። አንተ እዚያው ቀረህ። እኔ ሆስፒታል ስነቃ መጀመሪያ ያንተን መቀበር ነገሩኝ፤ ቀጥለው ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በላይ መቆረጡን። በዚህ ቅደም ተከተል ስለነገሩኝ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ከፊተኛው በኋላ የኋለኛው ምንም አልመሰለኝም።

ምን እንደተለወጠ ልንገርህ። ሥራዬ ላይ ተመልሻለሁ። ትምህርት ቤቱ ወንበሬን ለሌላ ሰው አልሰጠብኝም፤ መተየብ ደግሞ እግር አይጠይቅም። ጠዋት ባጃጅ በር ድረስ መጥቶ ይወስደኛል። ደረጃና ጭቃ ሲያጋጥመኝ በክራንች፣ ሌላውን ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር ነኝ። አዲስ አበባ ያሠሩልኝ ሰው ሰራሽ እግር እያቆሰለ አስቸግሮኛልና ብዙ ጊዜ አልጋ ሥር ነው የሚውለው።

አንድ ነገር ግን አልተሸነፈልኝም ነበር፤ ማድ ቤቱ። ከቤቱ ጀርባ፣ የድንጋይ ደረጃውን ወርደህ፣ ጭቃውን አቋርጠህ። አንተ እያለህ እንኳ በክረምት ወጥ ወደ ቤት ማስገባት ጉዞ ነበር። እኔ ድስቱን ስሸከም አንተ ጃንጥላ ይዘህ ትከተለኝ ነበር፤ ጃንጥላውን የምትዘረጋው ግን ለድስቱ ነበር። እኔ እየበሰበስኩ ስሳደብ አንተ ትስቃለህ። ያን ሳቅህን ማንም አልተካልኝም።

ከሆስፒታል ስወጣ ወንድምህ ኦቦ ገመቹ ልጁን ጫልቱን ላከልኝ። የምታበስልልኝ እሷ ነበረች፤ ጎበዝ ልጅ ናት። ከዚያ ለትምህርቷ ወደ ጎጆ መመለስ ነበረባት፤ እኔም ሂጂ አልኳት። እሷ በሄደች ሳምንት አንድ ቀን ራሴ ልሞክር ብዬ በክራንች ወደ ማድ ቤት ወረድኩ። መውረዱን ወረድኩ። ስመለስ ደረጃው ላይ አዳለጠኝና ከነድስቱ ወደቅኩ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ወርቅነሽ በአጥር ተሻግራ አነሳችኝ። ወሬው በማግስቱ ጎጆ ደረሰ።

ኦቦ ገመቹ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ሳሎን ተቀመጡ፤ እኔም በመካከላቸው ነበርኩ፤ ንግግሩ ግን በራሴ ላይ ያልፍ ነበር። ቤቱ ይከራይ፣ እሷ ጎጆ ትምጣ፣ ክፍል ተዘጋጅቷል። አንደኛው ሽማግሌ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ማን ያበስልላታል? ሥራዬን ማንም አላነሳም። ወንድምህን አትቀየመው፤ ከልቡ ነው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ እጄን ያዘና እንዲህ አለኝ፦

«አልጋሽን እሳቱ አጠገብ አደርግልሻለሁ። ከእንግዲህ ምንም አትሠሪም።»

ከሰማሁት ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው፤ ከሐኪሙም ቃል በላይ። ገና አርባ ዓመት አልሞላኝም። እሳት አጠገብ ተቀምጬ፣ ሰው የሰጠኝን እየበላሁ፣ ዝናቡን በመስኮት እያየሁ እንዳረጅ በፍቅር ወሰኑልኝ። እስከ መስከረም ጊዜ ስጡኝ አልኩ። አዘኑልኝና ሰጡኝ።

በዚያው ወር ለእግሬ ቀጠሮ አዲስ አበባ ሄድኩ። ስመለስ መርካቶ አንድ የዕቃ ሱቅ በር ላይ ነጭ የኩሽና ካቢኔት ተገጥሞ ቆሞ አየሁ። ከታች መሳቢያና ላቫንዲኖ፣ ከላይ የሳህን መደርደሪያ። ገብቼ ተጠጋሁት። ተሽከርካሪ ወንበሬ ላይ ሆኜ ጠረጴዛው ደረቴ ጋ ደረሰ። ልመለስ ስል ሻጩ ተገጣጣሚ መሆኑን፣ ተፈታትቶ በካርቶን እንደሚሸጥ ነገረኝ። ቺፑድ ስለሆነ ርካሽ ነው፣ ውሃ ግን አይወድም አለኝ፤ ሐቀኛ ሰው ነው። እግሮቹ የት አሉ ብዬ ጠየቅኩት። አንድ ከረጢት አምጥቶ አሳየኝ፤ አጫጭር የፕላስቲክ እግሮች ናቸው፤ መጨረሻ ላይ በብሎን ይገጠማሉ።

«ያለ እግር ይቆማል?» አልኩት።

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። አሰበና ይቆማል አለኝ። ቶሌራ፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ በሳቅ ፈረስኩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰውየው ምን እንዳሳቀኝ ሲገባው መሳቅ ይገባው እንደሆነ ስላላወቀ ወደ ካርቶኖቹ ዞረ። ለሶፋ ብለን አብረን ያጠራቀምነውን ለዚህ አዋልኩት። ሳሎናችን ዛሬም ያው አሮጌ ወንበር ነው። ቅር እንደማይልህ አውቃለሁ።

ካርቶኖቹ በአይሱዙ መጡ። የት እንደምገጥመው መንገድ ላይ ሳለሁ ወስኜ ነበር፤ በትንሿ ክፍል። አዎ፣ ለልጅ ብለን ቢጫ የቀባናት። በሯን ዘግተን ስንት ዓመት ስለ እሷ ሳናወራ ኖርን። ከፍቼ ስገባ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ግድግዳውን ለካሁ።

የከተማውን አናጢ ጠራሁ። የታችኛው ካቢኔት ያለ እግር እንዲቀመጥ፣ ከላቫንዲኖው ሥር ያለው መዝጊያ እንዲቀር፣ ወንበሬ ገብቶ እንዲቆም እንደምፈልግ አስረዳሁት። የላይኛውም መደርደሪያ እጄ በሚደርስበት ዝቅ ይበል አልኩ። አናጢው ራሱን ነቀነቀ። ለልጅ መጫወቻ ይመስላል፣ ማን ሠራው ሲባል እኔ ነኝ የምሰደበው አለ። እኔ ነኝ የምጠቀምበት አልኩት። እሱ ግን በቀና ልብ፣ ሊመክረኝ ብሎ፣

«እትዬ፣ ነገ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ሲገባስ?» አለኝ።

እሱም ሰምቷል ማለት ነው። ከተማው ሁሉ ከቤቴ አስወጥቶኛል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። አመሰገንኩትና አሰናበትኩት። ከዚያ ወይዘሮ ወርቅነሽን በአጥር ጠራኋትና ካቻቢቴ አላት እንደሆነ ጠየቅኳት።

እሷን ታውቃታለህ። ጡረታ እስክትወጣ ስልክ ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት፤ ሚስማር እንኳ መትታ አታውቅም። ባሏ ትቶት የሄደውን የመሣሪያ ሳጥን ከነአቧራው ይዛ መጣች። ከካርቶኑ የወጣው መመሪያ ጽሑፍ የለውም፤ ሥዕል ብቻ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ፈገግ ብሎ ይገጥማል። እኛ ፈገግ አላልንም። የመጀመሪያውን ሳጥን ገጥመን ስናቆመው ጀርባው ፊት ሆኖ ተገኘ። አንድ መሳቢያ ተገልብጦ ገባና አልወጣም አለ። አንዱን ጎን ብሎን አጥብቄ ሰነጠቅኩት፤ ስንጥቁ ዛሬም አለ፤ በግድግዳው በኩል አዙረነዋል።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገጠመው ወለል ላይ ተቀምጦ ነው። ከወንበሬ ወርጄ፣ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ፣ ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ወርቅነሽ ጉልበቷን ስለሚያማት መነሳትና መቀመጥ አቃታት፤ እኔ ግን ቀለጠፍኩ። «ኧረ ቀስ በይልኝ» እያለች ለመነችኝ። አደጋው ከደረሰብኝ ወዲህ ቀስ በይ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ እኔን ነበር የሚጠብቀኝ። ወለሉን ወደድኩት።

ግድግዳው ላይ የላይኛውን መደርደሪያ ለመስቀል ድሪል ከትምህርት ቤቱ ተውሼ ራሴ በሳሁ። ቢጫው ቀለም ጭኔ ላይ ይረግፍ ነበር። ውሃውን የቧንቧ ሠራተኛ አስገባልን፤ እሱ ደግሞ ስለ ቁመቱ አንድም ቃል ሳይናገር ሠርቶ ሄደ። እግዜር ይስጠው። የኤሌክትሪክ ምድጃውን አስቀመጥኩና ወንበሬን እየገፋሁ ተጠጋሁ። ጠረጴዛው ክርኔ ሥር ልክ መጣ። የትም ስሄድ ሁሉ ነገር ከእኔ በላይ ነው፤ የባንኩ መስኮት፣ የሱቁ ባንኮኒ። ይህ ግን ለእኔ ነው የቆመው።

መስከረም ሲጠባ ኦቦ ገመቹ መጣ። አንድ ጆንያ ድንች ይዞልኛል፤ ዕቃዬን የሚጭን መኪናም አብሮት አለ። ሾፌሩ በር ላይ ቀረ። ወንድምህን ግባና መጀመሪያ ምሳ ብላ አልኩት። ማን ሠርቶት አለኝ። ድንቹን ከጆንያው አውጥቼ ጭኔ ላይ ይዤ ወደ ትንሿ ክፍል ገባሁ። ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ያቺ ክፍል ለምን እንደተቀባች እሱም ያውቃል።

ልርዳሽ አላለኝም፤ ፊቴን አይቶ ይሆናል። ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ድንቹን ላጥኩ፤ ከቧንቧው ውሃ ቀዳሁ፤ ሳህኑን ከመደርደሪያው አወረድኩ። እንጀራውን ከምትሸጥልኝ ሴት ገዝቼ ነበር። አቀረብኩለት። ጸለየ፤ ጎረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«ጨው ያንሰዋል» አለኝ።

ቶሌራ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የሠራሁትን የነቀፈ ሰው የለም። የተየብኩትን ስህተት እንኳ ደብቀው ራሳቸው ያርሙልኛል። እኔ ደግሞ ለወንድምህ ጨውን የጨመርኩት እንደ ጎጆ ሰው ሳይሆን እንደ አምቦ ሰው ነው፣ ካልጣመህ ጨምር ብዬ የጨው ዕቃውን ገፋሁለት። ጨመረ። ደግሞ በላ። ሲጨርስ ወጥቶ ሾፌሩን አናገረው፤ መኪናው ባዶውን ሄደ። ሲሰናበተኝ «ጀባዹ» አለኝ። በርቺ ማለቱ ነበር፤ ለቅሶ ላይ ሲለኝ ከሰማሁት ግን ድምፁ ሌላ ነበር።

አሁን ሰው ሌላ ምክር ይዞ ይመጣል። ስምህን በየቀኑ እየጠራሁ ማውራቴ ጥሩ አይደለም፣ ሐዘን ያቆያል ይላሉ። ቀስ በቀስ ተይው ይሉኛል። አልተውም። ውሃ ስከፍት፣ መብራት ሲጠፋ፣ አንተ የማትወደው ሰው ደጃፋችን ሲመጣ እጠራሃለሁ። እግሬን ሰጥቻለሁ፤ አንተን ሰጥቻለሁ፤ ስምህን ግን ማንም አይወስድብኝም። በዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት ትጠራለህ፤ እኔ ደግሞ የትም አልሄድም።

ያንተው፣
ብርቄ