እናቴን ለማግኘት እናቴን እንዳስመረምር ለመከሩኝ ኃላፊ

እጅግ ለተከበሩት፣ ስምዎን ደጋግሜ ለምኜ ላላገኘሁት፣ የዘር ማዛመጃ ድርጅት የደንበኞች መልስ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? መሥሪያ ቤቱስ? በተለይም ማን እንደሆኑ ያለ ምርመራ የሚያውቋቸው እናትዎና አባትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ትራክተር እየጠገንሁ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ።

ከብዙ ሺህ ደንበኛ መካከል ላያስታውሱኝ ይችላሉና ጉዳዬን በአጭሩ ላስታውስዎ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሕዝቡ ከጎንደር ቆላ ወደ ሱዳን ሲጎርፍ፣ አንዲት ሴት ሰቲት ወንዝ ዳር ስትደርስ ያዘለችውን ሕፃን አጠገቧ ለተቀመጠች ለማታውቃት ሴት ሰጥታ፣ «እስቲ ያዢልኝ፣ ውሃ ጠጥቼ ልምጣ» ብላ ወረደች። ሕፃኑ እኔ ነኝ፤ የተቀበለችኝም ሙሉዬ ናት። መንገድ መሪዎቹ ተነሡ ሲሉ ሕዝቡ ተነሣ፤ ሙሉዬም ጥቂት ጠብቃ ተነሣች። ወድ ኤል ሒለው ከሚባለው የስደተኞች መጠለያ ስትደርስ ለመዝጋቢው «ልጄ ነው» አለችው፤ አርባ ዓመትም ልጇ ሆኜ ኖርሁ። ዓይኗ ሲደክም ግን አስቀምጣ እውነቱን ነገረችኝና፣ «አደራ በላ ሁኘ ልሞት ነው፤ ከዘመዶቿ አንድ ሰው ፈልግልኝና ይቅር በሉኝ ልበል» አለችኝ። ወደ ድርጅትዎ የመጣሁት ለዚህ ነው እንጂ ዘሬ ከየትኛው ንጉሥ እንደሚመዘዝ ለማወቅ አይደለም።

የተከበረን ሰው በቅሬታ ማስቸገር ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ እስማኤል የሚባል አብሮ አደጌ ከውጭ አገር ሲመጣ ምራቅ የሚጠራቀምበትን ቱቦዎን ይዞልኝ መጣ። ሞልቼ ክዳኑን ሳልገጥም ሙሉዬ ተቀበለችኝና፣ መልካም ወሬ ይዞ እንዲመለስ «እትፍ፣ እትፍ» ብላ መረቀችው። ከስምንት ወር በኋላ ድርጅትዎ በናሙናው ውስጥ የሁለት ሰው ምራቅ ስላገኘ እንደማይቀበለው ጻፈልኝ። የእናት ምርቃት በመመሪያዎ ብክለት ተብሎ እንደሚመዘገብ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሁለተኛውን ቱቦ ጋራዥ ውስጥ ተደብቄ ሞላሁት።

፪ኛ፦ ውጤቱ ሲመጣ ዘጠና ሦስት በመቶ የአፍሪካ ቀንድ ሰው መሆኔን ካርታ ላይ ክብ ሠርተው አሳዩኝ። ክቡ ጎንደርንም፣ ከሰላንም፣ እኔ የተቀመጥሁበትን በርሜልም አጠቃልሎ ይዟል። ከክቡ ውጭ አለመጥፋቴን ስላረጋገጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫ኛ፦ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሩቅ ዘመዶች በአንድ ጠዋት ሰጡኝ። በእኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የሚቆጥረው ሽማግሌ ግን የእያንዳንዱን ስም ይጠራል። የእርስዎ ማሽን «የአምስተኛ ደረጃ የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል» ብሎ ያልፋል።

፬ኛ፦ ከዝርዝሩ አናት ላይ ግን ራሄል ጋረደው የምትባል፣ ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት የሆነ ሴት አገኘሁ። ሃያ አራት በመቶ እንጋራለን። እስማኤል ስልኬን አይቶ «ያ ዞል! አንተ ሰው! እህትህ ናታ!» ብሎ አቀፈኝ። እኔም አለቀስሁ። ከሥር ያለውን ጽሑፍ ያነበብነው በኋላ ነው፤ በአንድ ወገን እህት፣ ወይም አክስት፣ ወይም የእህት ወይም የወንድም ልጅ፣ ወይም አያት ትሆናለች ይላል። በአምስት ዓመት የምበልጣትን አያት ስላገኙልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ድርጅትዎ «ጋረደው» የነገድ ስም መስሎት ከሌሎች ሠላሳ ስድስት ጋረደዎች ጋር እንድተዋወቅም ጋብዞኛል፤ ጋረደው የአባቷ ስም ነው፣ ከአባቷ አያልፍም።

ነገሩ ለእኔ ቀልድ አይደለም። ራሄል በእናት እህቴ ከሆነች የተወለደችው ከዚያ መንገድ በኋላ ነውና፣ እናቴ ከወንዙ ወጥታለች ማለት ነው። በአባት ከሆነች ወይም አክስቴ ከሆነች ግን ስለ እናቴ ምንም አላወቅሁም። በየትኛው ወገን እንደሆነ ብጠይቅ፣ «ይህን ለማወቅ እናትዎን ወይም አባትዎን ያስመርምሩ» የሚል መልስ ከፈገግታ ምልክት ጋር ደረሰኝ። ራሄል ገጿን ለመጨረሻ ጊዜ ከከፈተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በኢሜይሏ አንዲት መስመር እንዲያደርሱልኝ ብለምን የሰው ምስጢር እንጠብቃለን አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለጻፍኋቸው ሰባት ደብዳቤዎች ግን መልስ የለም።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሙሉዬ ከጋራዥ በገባሁ ቁጥር «ምን አሉ?» ትለኛለች። ባለፈው እሑድ መቻል አቃተኝና፣ ራሄል በእናት እህቴ ናት፣ እናቴም በሕይወት አለች፣ ይቅር ብላሻለች አልኋት። እልል አለች። መሬት ሳመች። በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ስልኬን ይዛ ጠበቀችኝ፤ «በል ደውልልኝ፣ ድምጧን ልስማው። አደራዋን እኔው በአፌ ላስረክባት» አለች። ኔትዎርክ የለም አልኋት። ማክሰኞም የለም አልኋት። በሱዳኑ ጦርነት ምክንያት የሚጠፋው ኔትዎርክ እንዲህ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዛሬ ግን ሠራ፤ ጎረቤታችን ሃና ከልጇ ጋር በስልክ ጮክ ብላ ስታወራ ሙሉዬ ሰምታለች። ምን እንደምላት አላውቅም።

ስለዚህ፣ ጊዜዎን መሻማቴን በትሕትና ይቅር ብለው፣ ይህችን መስመር ብቻ ለራሄል ያድርሱልኝ፤ «እናትሽ ሰቲት ዳር ሕፃን ለሰው አስይዛ ታውቃለች?»

ለድርጅትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለካርታዎችዎ ከዚህም የሰፉ ክቦች እየተመኘሁ፣ በሃያ አራት በመቶ የማላውቃት ሴት ዘመድ፣ መቶ በመቶ የሙሉዬ ልጅ፣

ባንታምላክ
(የአባት ስም፦ በመሥሪያ ቤትዎ በመጣራት ላይ ያለ)
ገዳሪፍ

ማስታወሻ፦ ምናልባት መልሱ መጥቶ ራሄል አክስቴ ሆና ከተገኘች፣ እባክዎ አይጻፉልኝ። በዝምታ ድርጅትዎን የሚያህል የለምና፣ ሙሉዬ እስክታርፍ ድረስ ዝም ይበሉልኝ።