የግራው ማንሻ ድምፅ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 12 ቀን

ለምወድዎት አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ምራትዎ የላከችልኝን ፎቶ አየሁት፤ ወፈር ብለዋል፣ ደስ ብሎኛል። ብቻ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የተቀመጡት። ሰው ቤት እንግዳ ይመስል ምነው?

እኔ ደህና ነኝ። ስልኩን ትቼ በደብዳቤ የመጣሁት ያለፈው ጊዜ ስለታዘብኩዎት ነው። "የጓዳው ጣሪያ ያፈሳል" ብልዎት "እሰይ፣ እሰይ ልጄ" አሉኝ። "ያቺ ረጅሟ አስተናጋጃችን፣ ቀጭኔ፣ ታማለች" ብልዎት ደግሞ "ይጨምርላት" አሉ። ቀጭኔ ይኸው እስከ ዛሬ ተቀይማዎታለች። አልሰማሁም ቢሉ እኮ ማንም አይስቅብዎትም። ለማንኛውም ይቺን መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ፊደሌ ከወትሮው ቢንጋደድ ጠረጴዛው እየተወዛወዘ አስቸግሮኝ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በወንድሜ በኩል የላኩት ቃል ደርሶኛል። "አሮጌውን የቡና ማሽን ሽጪውና ቁልፍ ተጭነሽ ቡና የምታወርጂበትን ግዢ፤ እኔ ከእንግዲህ ወደዚያ ሥራ አልመለስም" ብለዋል አሉ። ወንድሜ ገዢ አግኝቶ ሰኞ ይዞት ሊመጣ ነው። እኔ አልሸጥም አባባ። ለምን እንደማልሸጥ ልንገርዎት፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ወሬ እንደማላሳጥር ያውቁኛል።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ የግራው ማንሻ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ቁልቁል ስስበው ዝም ይላል። ስለቀውና ሞላው ወደ ላይ ሲመልሰው ግን መጀመሪያ ሲጢጥ ይላል፣ ከዚያ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ቋ። ሲጢጥ፣ ቋ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ የጠዋት ቡናውን ሊጠጣ ገብቶ፣

"እኅቴ፣ አሮጊቷ ጥርስ አወጣች እንዴ?" አለኝ።

"ያንተን መቀስ እየሰማች ነው ይሄን የለመደችው" አልኩት።

"ተይ እንጂ፣ የኔ መቀስ እንኳ ዘይት ይቀባል።"

ሳቅንበት፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። እንዳስተማሩኝ ከቀላሉ ጀመርኩ። ቡናው ሻካራ ሆኖ ከተፈጨ ውሃው ቶሎ ያልፍና ማንሻው ተስፈንጥሮ ይወጣል ይሉ አልነበር? ወፍጮውን አጠበቅሁት። ማንሻው ረጋ ብሎ ወጣ፣ ድምፁ ግን እዚያው ነው። ቀጥሎ ውሃ የሚፈላበትን ጋን ጠረጠርኩ። ውስጡ ነጭ ዝቃጭ ሲይዝ ይንኳኳል። ነገር ግን የጋን መንኳኳት ማንሻ እስኪሳብ ይጠብቃል እንዴ? እንደዚያም ሆኖ አጠብኩት፣ መታጠቡ አይጎዳትም። ድምፁ ወይ ፍንክች።

በመጨረሻ ጥገና ሠሪውን ጠራሁት። የፒስተኑን ጎማዎች አውጥቶ አሳየኝ፤ ደርቀው እንደ ቆዳ ሆነዋል። ቀየራቸው፣ ለምግብ ዕቃ የሚሆነውን ግሪስ ቀባ። ሲጢጥታው ጠፋ። ቋ ግን ቀረ።

ጆሮውን ደገነ፣ ዞረ፣ አጎነበሰ። "እመቤቴ፣ ብረት እኮ ሁሉም ቦታ ነው የሚጮኸው፤ ከየት እንደሚመጣ መለየት አልቻልኩም" አለኝ። "ሞላው ተሰንጥቆ እንዳይሆን እፈራለሁ። እሱ ከሆነ መሸጡም አይከፋም።"

ያን ቀን እውነቴን ነው፣ ልሸጣት ቆርጬ ነበር።

በማግስቱ ያ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ቀጭኔ ትእዛዝ የምትነግረኝ በጣቷ ነበር። ማሽኗ ትንኳኳ አትንኳኳ በምን አውቃለሁ? በግራ እጄ ስቤ ለቀቅሁት፤ ሰሞኑን በግራ መሳብ ለምጃለሁ። ማንሻው እየተመለሰ ሳለ መዳፌን ነካ አደረገኝ፣ ሰው በጣቱ ጠቆም የሚያደርግ ያህል። ደግሜ ሳብኩና ቀጭኔን "ያዢልኝ፣ ቀስ ብለሽ መልሺው" ብዬ በምልክት ነገርኳት። ጣቴን ሲሊንደሩ ላይ አሳረፍኩ፤ ምንም የለም። የሞላው ቤት ላይ፤ ምንም። ማንሻውን ከአካሏ ጋር የምታጋጥመው ወፍራም የብረት ካስማ፣ ፔርኖዋ ላይ ሳደርግ፣ ነካ። በመብራት ሳያት በአንድ ጎኗ ተበልታለች። ሞላው ጤነኛ ነው አባባ። አሮጊቷ የሚያማት መገጣጠሚያዋን ነው፣ እንደ እርስዎ ጉልበት።

እዚያው ቆሜ ያሰብኩት እርስዎን ነው። እርስዎስ መቼ በጆሮዎ ሠርተው ያውቃሉ? ሁልጊዜ መዳፍዎን ጎኗ ላይ ጣል አድርገው አልነበር የሚቆሙት? እኔ ሲደክምዎት መደገፊያ ትሆንዎታለች ብዬ ነበር።

ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም፤ የሚያስቀርዎት ግን እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። የማስተንፈሻው ቫልቭ ሲያፏጭ አልሰሙም። እሺ፣ አልሰሙም። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፣ ሬዲዮው ይጮሃል፣ ማንም ቀድሞ አልሰማም። እንፋሎቱ የያዘኝ ራሴ ሮጬ ቀኝ እጄን ስለከተትኩ ነው፤ ሂጂ ያለኝ የለም። እጄ ድኗል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ እንቢ ይላሉ እንጂ ለብ ያለ ውሃ ሲያገኙ ይለቃሉ። አሁን ደግሞ ደንበኛችን ኤሌክትሪክ ሠሪው ከግፊት መለኪያው በላይ ቀይ መብራት ገጥሞልኛል። ግፊቱ ካለፈ ቦግ ይላል፣ በዓይን ይታያል። ዓይንዎ ደግሞ ከእኔ ይሻላል።

አዲሷን ፔርኖ ቶርኖ ቤት አስቀርጫታለሁ። ለመግጠም ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ማንሻውን ይዞ አሮጌዋ የምትላላበት ቦታ ላይ ያቆመዋል፣ ሌላው መትቶ ያስወጣታል። የያዘው ከለቀቀ ማንሻው አገጭ ይሰብራል። ቀጭኔን ብጠይቃት "እትዬ፣ እኔ ገና አላገባሁም፣ ጥርሴን እፈልገዋለሁ" አለችኝ። ጥገና ሠሪው በደግነቱ "እኔ ልምጣና ላግዝሽ" ብሎ ነበር። አመስግኜ እምቢ አልኩት።

ይህን ሥራ እኔና እርስዎ ነን የምናውቀው። ስንሠራውም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። አገጭዎን ከፍ ካደረጉ እስብ፣ ዓይንዎን ከጨፈኑ እቆም ነበር፤ ይኸው ነው። አሁን የትኛው ጆሮ ነው የሚያስፈልገው?

ስለዚህ ለገዢው ማሽኗ ጥገና ላይ ናት ብዬ አስነግሬዋለሁ። እሁድ አላሞቃትም፣ ቀዝቃዛ ሆና ትጠብቃለች። ወንድሜ "ምን ሊሠሩ ነው" ቢልዎት ልጄን ላያት ነው ይበሉትና ቅዳሜ አውቶቡስ ላይ ያሳፍርዎት። ፈጣሪ መንገዱን ያለስልስልዎ፣ የሾፌሩንም ልብ ያቀዝቅዝልዎ፤ በጤና ያገናኘን።

አንድ ነገር ብቻ አባባ። ድሮ ማንሻውን የምይዘው እኔ ነበርኩ፣ የሚመቱት እርስዎ። አሁን እርስዎ ቢይዙት ይሻላል። እኔ በግራዬ እመታለሁ፤ መቼ እንደሚስቡ በአገጬ፣ መቼ እንደሚያቆሙ በዓይኔ እነግርዎታለሁ።

ልጅዎ