ማይኬን ያላበራሁባቸው ቀናት

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ዛሬም ሪከርድ ክፍል። የተማሪዎችን ፎልደር በፊደል ተራ ማስተካከል። ከሀ ተነስቼ መ ላይ ደረስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው... ይሁን። ቢያንስ ከትምህርት ቤቱ አላስወጡኝም። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ዘሪቱ "ድምፅዎ እስኪመለስ እዚህ ይረፉ" ብለው ነው ያስቀመጡኝ። ደግ ሴት ናቸው።

የእንቅርቱን ቀዶ ሕክምና ካደረግኩ ሁለት ወር አለፈ። የድምፅ ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ፈርሜያለሁ። ተጎዳ። የማንም ጥፋት አይደለም።

ባለቤቴ ለተ ከምትሠራበት ፋርማሲ ስትመለስ ወረቀት ሰጠኋት። "ሽንኩርት አልቋል።" አነበበች። "እሺ" አለች። የዛሬ ወሬያችን ይቺው ነች።

ጥር 12፣ ሰኞ

ታዲዎስ ለበዓሉ መጣ። የለተ ታናሽ ወንድም ነው፤ መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል ኮምፒውተር ክፍል ይሠራል። አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ።

"ጋሼ ሃብተአብ፣ አፍ የማያስፈልገው ነገር አመጣሁልህ።"

ጌም! በአርባ ስምንት ዓመቴ። አንድ ሰው ፈጥረህ፣ ስም አውጥተህ፣ እሱን ሆነህ በደሴቶች ላይ ትዞራለህ። ሰይፍ አለ፣ አስማት አለ፣ ዋሻ አለ። "መጀመሪያ ብቻህን ተለማመድ፣ ከዚያ ሰርቨር ላይ ትገባለህ" አለኝ። ሰርቨር ምንድን ነው? ብዬ ጻፍኩ።

"በቃ... ማለቴ፣ ቤት ነው እንበል። ብቻህን ስትጫወት ቤቱ ያንተ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ሰርቨር ስትገባ ግን ቤቱ ሌላ ቦታ ነው፣ ሰው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። አንተ ስትተኛም ቤቱ ክፍት ነው።"

ገጸ ባሕርዬን "አትላስ" አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

ጥር 15፣ ሐሙስ

የሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። "አንደኛው የድምፅ ገመድ አይንቀሳቀስም። ሌላው ግን እያገዘው ነው። ማውራት ይችላሉ፤ እንዲያውም ይለማመዱ" አለኝ።

ቤት ማንም አልነበረም። በሩን ዘጋሁና ሞከርኩ። "ለተ" አልኩ። የወጣው የኔ አይደለም። የተሰነጠቀ፣ ግማሹ ትንፋሽ... ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው።

ስትመጣ "ምን አለህ?" አለችኝ።

"ገና ነው አለ" ብዬ ጻፍኩ።

ለምን ዋሸሁ?

ጥር 19፣ ሰኞ

ብቻዬን ስጫወት ሳምንት ሞላኝ። ሰይፍ አልሆነልኝም። ካርታው ግን! ወንዞቹ ከከፍታ ወደ ዝቅታ በትክክል ይፈስሳሉ። የዝናብ ጥላ ያለበት፣ ዝናብ የማይደርሰው ጀርባ ያለው ተራራ ሁሉ አለ። በደብተር ላይ ስስለው አመሸሁ። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ የቸኮልኩበት ነገር አልነበረም። ተመስገን።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሰርቨር ገባሁ። ወጣሁም።

ዝርዝሩ ሁለት መቶ ይሆናል። ብዙ ሰው ያለበትን መረጥኩ። ሞልቷል፣ ተራ ጠብቅ አለኝ። አርባ ደቂቃ ተሰለፍኩ። ጌም ውስጥም ሰልፍ! ስገባ በሩ ላይ አንዱ በመጥረቢያ መታኝ። ሞትኩ። ስነሳ ያው ሰውዬ እዚያው ቆሟል። አምስት ጊዜ ገደለኝ። ቻቱ ላይ ይስቃሉ። የምጽፈው ከመውጣቱ በፊት ወሬው አልፎ ይሄዳል፤ የኛ ፊደል ደግሞ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው።

ጥር 25፣ እሑድ

ታዲዎስ ሳቀብኝ። ከዚያ አስተማረኝ። አንደኛ፣ ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ስትመርጥ አንተ ሳትንቀሳቀስ እነሱ ሁለቴ ይመቱሃል። ሁለተኛ፣ ሰው እርስ በርስ የሚገዳደልበትና በቡድን ጭራቅ የሚታገልበት ሰርቨር ይለያያል፤ ሳትገባ ደንቡን አንብብ። ሦስተኛ፣ ትንሽ ምረጥ። የኛ ልጆች የከፈቱት አለ፣ ስልሳ ሰው አይሞላም። ፓስወርድ አለው። ማመልከት አለብህ።

አመለከትኩ። "ስለ ራስህ ጥቂት ጻፍ" ይላል። ካርታ ማንበብ እችላለሁ አልኩ። ስለ ድምፄ ምንም አላልኩም።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ተቀበሉኝ! አንዱ ቀይ ካባ የለበሰ በሩ ላይ ጠበቀኝ። አልመታኝም። ዳቦና ችቦ ሰጠኝ። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻጻፉት። "እንኳን ደህና መጣህ አትላስ። ጉርሜሳ እባላለሁ። ምን ትሆናለህ? ተዋጊ፣ ፈዋሽ፣ መንገድ መሪ?"

መንገድ መሪ አልኩ። አምስት ሆነናል። ጉርሜሳ የቡድኑ አለቃ ነው፤ ስታዲየም አካባቢ ኤሌክትሪሺያን ነኝ ብሏል። ፈዋሿ "ኮሽታ" ትባላለች፤ ስንቆስል እሷ ነች የምታድነን። ሌሎቹ ሁለቱ ጋሻ ያዥ ናቸው። ሁሉም በማይክ ያወራሉ። እኔና ኮሽታ ብቻ እንጽፋለን። እሷ ለምን እንደማታወራ አላውቅም። ዓይን አፋር ትሆናለች።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

አስፈጀኋቸው።

ዋሻው ውስጥ ቀድሜ ሄድኩ። ከመታጠፊያው ጀርባ ሦስት ግዙፍ ጭራቆች አሉ። አየሁ። ጻፍኩ። "ቁሙ!" ብዬ ጻፍኩ! በሩጫ መሃል ማን ያነባል? እየሳቁ መጡና ሁሉም አለቁ። ሁለት ሳምንት የሰበሰቡት ዕቃ እዚያው ቀረ።

"አትላስ! አፍ የለህም እንዴ? ቁሙ ማለት ያቅታል? ማይክህን አብራ በቃ!" ጉርሜሳ ነው።

ማይኩ እኮ እዚያው ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። አንድ ቃል ደግሞ አለኝ። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

የካቲት 2፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለቡድኑ ጻፍኩ። "ታምሜ ድምፄ ተበላሽቷል። አስተማሪ ነበርኩ። መናገር ነበረብኝ፣ አፈርኩ። ሌላ መንገድ መሪ ፈልጉ።"

ጉርሜሳ ወዲያው መለሰ። "ወይኔ! ምላሴን በቆረጠው። ቲቸር ይቅርታ ያድርጉልኝ።" አንተ ማለቱን ትቶ እርስዎ አለኝ። አንተ በለኝ፣ እባክህ፣ አልኩት።

ከዚያ ኮሽታ ጻፈች። ቃል በቃል ልገልብጠው፦

"እኔ መስማት የተሳነኝ ነኝ። ማይክ ላይ የምትሉትን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።"

በኋላ ጉርሜሳ፣ "ስምንት ወር አብረሽን ነበርሽ። ታዲያ እንዴት ነበር በሰዓቱ የምትፈውሺን?"

"ዓይኔን ከእናንተ ላይ ነቅዬ አላውቅም።"

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሳምንቱን ሙሉ ተለማመድን። ደንቡን ያወጣው ጉርሜሳ ነው። ዋሻ ውስጥ ማንም ማይክ አያበራም፤ እሱም ጭምር። ችቦ ከፍ ሲል ቁሙ። ሁለቴ ዝላይ፣ ጠላት አለ። ቁጢጥ ካልኩ፣ ወደ ኋላ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገባን። ሁለቴ ሞትን። በሦስተኛው... መታጠፊያው ላይ ችቦዬን ከፍ አደረግኩ። አራቱም ቀጥ አሉ። አራቱም! እነዚያን ሦስት ጭራቆች አንድ በአንድ እያወጣን ጨረስናቸው። ከዋሻው ስንወጣ ጉርሜሳ ማይኩን አብርቶ እልል አለ። የወንድ እልልታ፣ የማያምር። ሳቅኩ፣ ያለ ድምፅ፣ እንባዬ እስኪመጣ።

እነዚህን ሰዎች ማን ሰጠኝ?

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ለቡድኑ እየጻፍኩ ለተ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

"ይሄን ሁሉ ትጽፍላቸዋለህ?"

አንገቴን ነቀነቅኩ።

"ለእኔ ሽንኩርት አልቋል፣ ውኃ መጥቷል። ለእነሱ ገጽ ሙሉ።" አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ገብታ ተኛች፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን።

እውነቷን ነው።

የካቲት 16፣ እሑድ

ኮሽታ ቡና እንጠጣ ብላ ነበር። ወሎ ሰፈር። ቅበላ ስለሆነ ካፌው ጢም ብሏል። ስሟ አያንቱ ነው። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ እዚያው ልብስ ስፌት ቤት አላት። ሽበቴን አይታ ደብተሯ ላይ "እርስዎ ነዎት አትላስ?" ብላ ጻፈች። ከዚያ "እርስዎ"ን ሰርዛ "አንተ" አለች። ሃብተአብ እባላለሁ ብዬ ጻፍኩላት።

ለምን ስምሽን "ኮሽታ" አልሽው? አልኳት።

"ሰው ሁሉ ኮሽ ሲል ዞር ይላል። ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልግ ነበር።"

ትምህርት ከዘጠነኛ ክፍል ነው ያቆመችው። "አስተማሪዎቼ ወደ ሰሌዳው ዞረው ነበር የሚያወሩት። ከንፈራቸው አይታየኝም። አንተስ?"

ሃያ ሁለት ዓመት። ካርታ እየሳልኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። "እኔም" ብዬ ጻፍኩ። አልተቆጣችም። አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

ከዚያ "ሐኪሙ ጭራሽ አይመለስም አለህ?" አለች። ለማንም ያልተናገርኩትን ለእሷ ጻፍኩላት። ማውራት እችላለሁ። ድምፁ አስቀያሚ ስለሆነ ነው ዝም ያልኩት። ሚስቴም አታውቅም።

ደብተሩን ዘጋችው። ከዚያ አፏን ከፈተችና፣ እዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ "ሃብተ...አብ" አለች። ጮክ ብላ፣ ወፍራም፣ መሃሉ ላይ ተሰብሮ። የካፌው ሰው በሙሉ ዞረ። እሷ ዞር ብላም አላየቻቸውም። እኔን ነበር የምታየው፣ ልክ መሆኑን ከፊቴ ልታነብ።

ልክ ነበር።

ደብተሩን ከፈተች። "የኔ ድምፅ ምን እንደሚመስል አላውቅም። እናቴ ግን ስጠራት ትመጣለች።"

በእግሬ ነው የተመለስኩት። ቂርቆስ ስደርስ ጀንበር ገና አልጠለቀችም።

የካቲት 17፣ ሰኞ

የትናንትናውን ልጻፍ። ስገባ ለተ ነጭ ጋዋኗን ትተኩሳለች። በሩ ላይ ቆምኩ። "ለተ" አልኩ።

ካውያውን አቁማ ዞረች። ፊቷ ላይ ደስታ መጣ፣ ከዚያ ሌላ ነገር መጣ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥር አሥራ አምስት።"

"ወር አለፈው እኮ!"

"አስቀያሚ ነው... እንዳትሰሚው ብዬ..."

"እኔ እኮ ሃብቴ፣" አለች፣ ቁጭ ብላ፣ "እኔ ዝም ያልከኝ ሰልችቼህ መስሎኝ ነበር። ወሬህን ሁሉ እዚያ ጨርሰህ የምትመጣ መስሎኝ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። በዚያው በተሰነጠቀው ድምፅ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዋሻውን፣ ችቦውን፣ አያንቱን። አየር ሲያጥረኝ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ ዓይኗን ጠርጋ፣ "ሃያ ዓመት ስታንኮራፋ የሰማሁ ሴት ነኝ። ይሄን ፈርተህ ነው?" አለች።

ጋዋኑ ተቃጥሏል። ሁለታችንም አላየነውም።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ማይኬን አበራሁ። "ጤና ይስጥልኝ" አልኩ።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለ ጉርሜሳ።

"አትላስ ነኝ።"

ሁሉም ባሉበት ቆሙ፣ ሜዳው መሃል። አያንቱ ግራ ገብቷት ቻቱ ላይ ጻፈች። "ምን ሆናችሁ? ጠላት አለ?"

"አትላስ አወራ!"

"እና? ድሮስ መቼ ዝም አለ?"

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ወይዘሮ ዘሪቱ ክፍሌን መለሱልኝ። አሥረኛ ለ። ኮሌታ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ታዲዎስ ገዝቶልኛል። ካዛንቺስ ፈርሶ ብዙ ቤተሰብ ስለለቀቀ ክፍሉ ግማሽ ነው፤ የቀሩትን ሁሉንም ፊት ለፊት አየኋቸው። "ደህና አደራችሁ" ስል አንዷ ሳቀች። ድምፄ ይሄ ነው፣ እስከ ሰኔ ትለምዱታላችሁ አልኳቸው። ከዚያ ካርታውን አስቀድሜ ስዬ ጨረስኩ፣ ዞርኩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አወራሁ። ቀስ ይላል። ይሁን።

አያንቱ የማታ ትምህርት ልትመዘገብ ነው። ጂኦግራፊውን እኔ አስጠናታለሁ።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ከለተ ጋር ተጣላን። ለዳግም ትንሣኤ እህቷ ቤት ገርጂ እንሂድ ትላለች፤ እኔ ጉርሜሳ ቤት ለመሄድ ቀድሜ ቃል ገብቻለሁ፣ ቡድኑ በአካል የሚገናኝበት የመጀመሪያ ቀን ነው። መቼ ነገርከኝ አለች። ሐሙስ ነግሬሻለሁ አልኩ። አልነገርከኝም። ነግሬሻለሁ! አልነገርከኝም! ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን። ትንፋሼ እስኪያልቅ ተከራከርኩ። በመጨረሻ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

"ኧረ ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል!"

ተያየን። ሳቁን የጀመረችው እሷ ነች።

ሁለቱም ጋ ሄድን።