ቅዱሱ ቤት ቀይሯል፤ የቀሩት አማቼ ናቸው

ለክቡር አቶ ኤርኔስቶ ባራኦና
የ«በልክዎ» የጉዞ ድርጅት ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ
ዋና ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከሐይቁ ማዶ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ በተለይም ወገብዎን፣ ምክንያቱም አንድም ቀን ብቅ ሳይሉ ከተማችንን ጓዳ ለጓዳ የሚያስጎበኙ ሰው ሥራዎን ሁሉ ተቀምጠው የሚሠሩ መሆን አለበትና እንሰጋልዎታለን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በቆሎው ተሰብስቧል፣ ዶሮዎቹ ይጥላሉ፣ አማቼም ይስላሉ። የምጽፍልዎ በእሳቸው ጉዳይ ነው።

ማርሴላ ቺያል እባላለሁ፤ ሸማኔ ነኝ። የምኖረው በሳንታ ኢነስ ቹዋያ፣ ከጀልባ መውረጃው ሽቅብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሰማያዊ በር ባለው ቤት ነው። ቤቱን ያውቁታል። በድርጅትዎ መርሐ ግብር ላይ «የሳን ሲሞን መኖሪያ» ተብሎ ፎቶው የወጣው የእኔ ቤት ነው፤ ገመድ ላይ የተሰጣው የባለቤቴ የፌሊፔ የውስጥ ሱሪም አብሮ ወጥቷል።

የእንጨቱ ቅዱሳችን ሳን ሲሞን እኛ ቤት ነበር፤ ይህን አልክድም። ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ሻርፑን ደራርቦ፣ ክራባቱን አስሮ፣ በእንጨት አፉ ሲጋራውን ይዞ ዓመቱን ሙሉ እልፍኛችን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሲጋራ፣ አረቄና ክራባት በስለት እየተቀበለ የሰውን ችግር ሲያዳምጥ ከርሟል። ዓመቱ ሲሞላ ግን ቅዱሱን የሚጠብቀው የሽማግሌዎች ማኅበር በከበሮ አጅቦ ወደ ተረኛው ቤት ወሰደው። የእኛ ቅዱስ እንደ ተከራይ ነው፣ በየዓመቱ ቤት ይቀይራል፤ ይህን በከተማችን ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳን ያውቀዋል። ዘንድሮ ያለው ኪየሁዎች የሚባሉት ቤተሰብ ቤት ነው፣ ከዚያም ወደ ሌላው ይሄዳል። እርስዎ ግን አንድ ጊዜ ካርታ ላይ ነጥብ አድርገው ስላስቀመጡት ለእርስዎ ከእንግዲህ አይነቃነቅም። ቅዱስን አንድ ቦታ ማቆም ለጳጳሳት እንኳን ያልተሳካ ሥራ ነውና እንኳን ደስ አለዎ።

ቅዱሱ ሲለቅ ቦታው ባዶ ሆነ፤ እንደ አባት «ታታ» የምንላቸው አማቼ ባልታሳር ሶሶፍ ብርሃን የሚሸሽ ዓይን ስላላቸው ወንበራቸውን ወደዚያው ጨለም ወዳለው ጥግ አስጠጉ። ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ደረታቸውን ስለሚበርዳቸው ሻርፕ እደራርብላቸዋለሁ፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አያወርዱም፣ ምሳ ከበሉ በኋላም በተቀመጡበት ያሸልባሉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አንድ ሰው ሊገምተው ይችል ነበር፤ ነገር ግን መገመት በጉዞው ዋጋ ውስጥ የተካተተ አይመስለኝም። ስለዚህ ቅሬታዬን ተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶችዎ ባልና ሚስት ነበሩ። ሾፌርዎ ከደጅ አውርዷቸው ምሳ ፍለጋ ሄደ፤ እኔ ጓሮ ክር አቀልም ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ገቡ፣ ከአማቼ እግር ሥር ሻማ አበሩ፣ ተንበረከኩ፣ ሚስቲቱም ሲጋራ ለኩሳ ከንፈራቸው መሃል አስቀመጠችላቸው። ታታ ነቁ። ሻማውን አዩ፣ ተንበርካኪዎቹን አዩና «ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉ። ሴትዮዋ የጮኸችውን ጩኸት የሰሙ ዓሣ አጥማጆች ሰው የሰመጠ መስሏቸው ጀልባቸውን መልሰዋል። ባልየው ግን ጨዋ ሰው ነበር፤ ሚስቱን ካረጋጋ በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ለቅዱሱ ያመጣውን ክራባት ለአማቼ አሰረላቸው።

ከዚያ ወዲህ አማቼን ማን ያቁማቸው። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ታታ፣ ከእንግዲህ ሲጋራም አረቄም በቃ» ብሏቸው ነበር፤ አማቼም ቃላቸውን ጠብቀው ኖረዋል። እንግዶችዎ መጉረፍ ሲጀምሩ ግን ብቆጣቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ባሕር አቋርጦ ይዞልኝ መጥቶ እንዴት እምቢ እላለሁ? ነውር አይደለም?» ይሉኝ ጀመር። ለእንግዳ አክባሪነታቸው ያደረጉትን ድጋፍ ሌሊት ሌሊት ሲስሉ እያዳመጥን እናመሰግንዎታለን። ክራባቶቹም ጠቅመውናል፤ በሐር ክራባት የሚታሰር የዶሮ ቤት ያለው በሐይቁ ዙሪያ ከእኛ ሌላ የለም።

ሁለተኛ። ሾፌርዎ ከመምጣቱ በፊት እየደወለ፣ «ዶኛ ማርሴላ፣ በናትሽ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ደብቂልኝ፤ ቴሌቪዥኑ ላይም ጨርቅ ጣል አድርጊበት፤ እንግዶቹ የጥንቱን ነው የሚፈልጉት» ይለኛል። ምስኪን፣ እሱም እንጀራው ነውና እደብቅለታለሁ። ፌሊፔም የኳስ ማሊያ ለብሶ ከተገኘ እንግዶቹ እስኪሄዱ ከዶሮዎቹ ጋር ይቆያል። በቀደም አንዲት ወጣት እንግዳ አደንጓሬ እየለቀምኩ ሳለ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ማያዎቹ ግን የት ጠፉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማያዎቹ እኛው ነንና ግራ ቢገባኝ፣ «ዛሬ ገበያ ነው እኮ፣ ማታ ይመለሳሉ» አልኳት። ማታ ድረስ እንድትጠብቅ ፕሮግራሟ አልፈቀደላትም።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው።

ስህተቱን እንዲያርሙት ለመሥሪያ ቤትዎ በአክብሮት ጽፌ ነበር። ቅዱሱ ቤት ቀይሯል፤ እኛ ዘንድ የቀሩት አማቼ ናቸው ብዬ በግልጽ አስታወቅኩ። መልስ አላገኘሁም ብል ግፍ ይሆንብኛል፤ አግኝቻለሁ። በሚቀጥለው መርሐ ግብርዎ ላይ የአማቼ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ወጣ፤ ከሥሩም «ሕያው ሳን ሲሞን፤ ለእኛ ደንበኞች ብቻ» ተብሎ ተጻፈ። አንድን አዛውንት ቤተ ክርስቲያን ሳትሰማ በሁለት መስመር ለቅድስና ማብቃትዎ ፍጥነትዎን ያሳያል።

ያ ወረቀት ዞሮ ዞሮ ከማኅበሩ አለቃ ከታታ ክሪሳንቶ እጅ ገባ። ሽማግሌዎቹ በአግዳሚያቸው ተቀምጠው አማቼን አስጠሩ። «ባልታሳር፣ አንተ ደግሞ መቼ ነው ቅዱስ የሆንከው? እኛ ሳንሰማ?» አሏቸው። አማቼ ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ ብለው ጠበቁ፤ አንድም የሳቀ አልነበረም። ይህን ወረቀት ያሳተመው ሰው ወይም የሥጋ ዘመዱ ከአግዳሚው ፊት ቆሞ ጥፋቱ የእኔ ነው እስካላለ ድረስ ባልታሳር ሶሶፍ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ሳን ሲሞን በሰልፍ ሲወጣ ከኋላው እንዳይሄድ ፈረዱ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ለእርስዎ ምንም ላይመስል ይችላል። አማቼ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ያን ሰልፍ ቀርተው አያውቁም። ሚስታቸውን በቀበሩበት ሳምንት እንኳን ጥቁር ጨርቃቸውን እንደጠመጠሙ ሄደዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሳቸው ስም ግን መቃብሩ ሳይቆፈር በእርስዎ ወረቀት ወድቋል። ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ከተመለሱ ወዲህ ሲጋራውንም ትተውታል፣ እራትም ትተዋል፣ እንግዳ ሲገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሐኪሙ ስለ ሲጋራው ደስ ብሎታል። እኔ ግን ተናድጃለሁ፣ አዝኛለሁም፤ ይህን የምልበት የበለጠ ጨዋ ቃል አላገኘሁም።

ማስታወቂያዎ «ጉዞዎን በልክዎ እንሰፋለን» ይላል። እውነት ነው፣ የእንግዶችዎን ልክ ወስደዋል፤ ትራሳቸው ከላባ ይሁን ከጥጥ ሳይቀር ጠይቀው ያውቃሉ። እኛን ግን ማንም መጥቶ ልካችንን የወሰደ የለም፤ ልብሱ የተቀደደው ከእኛ ላይ ሆኖ ሳለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚለውን ተረት ለእርስዎ መጥቀስ ድፍረት ስለሚሆንብኝ አልጠቅሰውም።

አራተኛ። አራተኛውን ፌሊፔ «ይሄንንስ ተይው፣ ያሳፍራል» ስላለኝ ትቼዋለሁ። ገመዱ ላይ የተሰጣውን የሚመለከት ነው።

አምስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ምስጋና ነው፣ የምሬን። ባለፈው ሳምንት አንዲት ባልቴት ልከውልን ነበር። ብቻቸውን ነበሩ። ከእንግዶችዎ ሁሉ ከደጅ ቆመው «ቤቶች» ብለው የተጣሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። በእጃቸውም ሲጋራ ሳይሆን ዳቦ ይዘው ነበር። አማቼ ከግድግዳው ሳይዞሩ፣ «እመቤቴ፣ ተሳስተዋል። ቅዱሱ ኪየሁዎች ቤት ነው። እኔ ሰው ነኝ» አሏቸው። ሴትዮዋ ወንበር ሳቡና (የፕላስቲኩን፣ መደበቁን ረስቼው ነበር) ተቀመጡ። «አይቻለሁ» አሉ። «እኔም ያጣሁት ሰው ነው።»

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ይህን ጉዞ ለልደታቸው ስጦታ የሰጣቸው እሱ ነው። ከጉዞ ድርጅቱ አንዲት ልጅ ደውላ ከማን ጋር መጓዝ እንደሚፈልጉ ብትጠይቃቸው «ከልጄ ጋር» አሉ፤ «ለአንድ ሰው» ተብሎ ተያዘላቸው። መኪናው አይነቀፍም፣ ክፍሉ ሐይቁን ያያል፣ ትራሱም ልክ እንደሚወዱት ነው። ይህን ሁሉ ሳያማርሩ ሲያወሩ አማቼ ቀስ በቀስ ከግድግዳው ዞሩ። እሳቸውም ስለ ሰልፉ ነገሯቸው። ሾፌርዎ ጥሩምባውን ደጋግሞ እስኪነፋ ድረስ እንደ ጥንት ጎረቤት ሲያወጉ ቆዩ፤ ታታም ያን ቀን እራት በሉ።

እንግዲህ የምለምነው ጥቂት ነው። ካርታዎን ያርሙ፤ ዓመት በመጣ ቁጥርም ቅዱሱ ዘንድሮ የት ነው ብለው ሰው ይጠይቁ፣ መጠየቅ በነጻ ነው። ከሰሙነ ሕማማት በፊትም ወገብዎ ከፈቀደ ከወንበርዎ ተነሥተው መጥተው በሽማግሌዎቹ ፊት ሁለት ቃል ይበሉልን። ንግግር ማሳመር አያስፈልግም፣ እነሱ ማስታወቂያ አይወዱም።

የከበረ ጊዜዎን በማንበብ ያጠፉልን እንደሆነ ከወዲሁ እያመሰገንኩ፣ ሐይቁ ማዕበሉን፣ መንገዱ ጭቃውን፣ እንግዳም ቅያሜውን እንዲያርቅልዎ እየተመኘሁ፣ ሳን ሲሞንም ባለበት ቤት ሆኖ እንዲያስብዎ እየለመንኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ማርሴላ ቺያል
ሰማያዊ በር ካለው፣ ቅዱስ ከሌለበት ቤት

ማስታወሻ፦ ለመሥሪያ ቤትዎ የጻፍኩት ያስከተለውን ስላየሁ ይህን ደብዳቤ የምልከው በጋዜጣ እንዲወጣ ነው፤ ከመላኬ በፊት ግን የሆነውን መጨመር አለብኝ። ዛሬ ጠዋት እኒያ ባልቴት የእርስዎን መኪና ትተው በአውቶቡስና በጀልባ ተመልሰው መጡ፤ ታታን ሊጠይቁ ነው የመጡት። ጡረታ የወጡ አስተማሪ መሆናቸውን ሲነግሩኝ ፊደሌን እንዲያርሙልኝ ይህን ወረቀት ሰጠኋቸው። ከላይ ያለውን ስም ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ ስሙ ያው ነው። እስከ መጨረሻው አነበቡ። «ያውቁታል እንዴ?» ብላቸው፣ «ወልጄዋለሁ» አሉኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔም የማን እናት እንደሆኑ ሳላውቅ ጉዳቸውን ለአገር ልዘረግፍ ነበርና አፍሬ ወረቀቱን ልቀደው ተነሣሁ። ባልቴቷ፣ ዶኛ ኤልቪራ፣ እጄን ያዙኝ። «አትቅደጂው፣ ልጄ። እሱ የሚያነበው ሌላ ሰው ያነበበውን ብቻ ነው» አሉኝ። ሦስት የፊደል ስህተት አርመውልኛል።

ከዚያም ሻርፓቸውን አስተካክለው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ በአግዳሚው ፊት የሚነገረው በእኛው በማያዎቹ ቋንቋ ብቻ ስለሆነ እኔ ለማስተርጎም ተከተልኳቸው። ከአግዳሚው ፊት ቆመው፣ «ጥፋቱ የልጄ ነው። እሱ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሁልጊዜም ስብሰባ ላይ ነው። የሥጋ ዘመዱ እኔ ነኝና ይቅር በሉን» አሉ። ታታ ክሪሳንቶ ባርኔጣቸውን አነሡላቸው። አማቼ ረቡዕ ከሳን ሲሞን ኋላ ይሄዳሉ፤ ዶኛ ኤልቪራም ከእኛ ከሴቶቹ ጋር ሻማ ይዘው ይከተላሉ። እስከዚያው እኛ ዘንድ ናቸው። አሁን ከአማቼ ጋር አደንጓሬ እየለቀሙ ነው፤ ትራሳችንን ግን አልወደዱትም።

እናትዎን ሊወስዱ የመጡ እንደሆነ ካርታዎን ይዘው ይምጡ፣ ክቡር ሆይ። ሳን ሲሞን ያለው ኪየሁዎች ቤት ነው። እናትዎ ግን ያሉት ነጥቡን ያደረጉበት ቤት ነው፤ ቢያንስ ለዚህች አንዲት ጊዜ አልተሳሳቱም።